ዝምታ አይጠብቃቸውም፦ የዕድገት ውስንነት፣ ፍቅርና የወሲብ ጤና

የዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ሰዎች ሁለት ነገር ሲባል እንሰማለን። አንደኛው «እነሱ እኮ ሁሌም ልጆች ናቸው፤ ስለ ፍቅርና ስለ ወሲብ ምን ያውቃሉ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ስሜታቸውን መቆጣጠር አይችሉም፤ ነገሩ ባይነሳ ይሻላል» የሚል ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የሚገርመው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ጨዋታ ላይ ይወጣሉ። መድረሻቸውም አንድ ነው፦ ዝም እንበል።

ዝምታው የሚያስቆመው ነገር ግን የለም። ጢም ይበቅላል፣ የወር አበባ ይመጣል፣ ልብም ሰው ይመርጣል። ሳይመጣ የሚቀረው መረጃው ብቻ ነው።

ስለ ማን ነው የምናወራው?

የዕድገት ውስንነት የሚባለው ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በልጅነት የሚጀምርና አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። በመማር፣ በመናገር፣ በመንቀሳቀስ ወይም ከሰው ጋር በመግባባት ላይ ጫና ያሳድራል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም (ከተጨማሪ ክሮሞዞም ጋር መወለድ) እና ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) እዚህ ውስጥ ይመደባሉ።

የሰዎቹ ሁኔታ በጣም ይለያያል። አንዱ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሌላዋ ልብስ ለመልበስም ሰው ያስፈልጋታል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሰው ደግሞ አንደበቱ አልታዘዝለት እያለ አስተሳሰቡ እንደማንኛውም ሰው ሊሆን ይችላል።

«አእምሮው የ6 ዓመት ልጅ ነው» የምትለዋን አባባል እኔ ብትቀር እመርጣለሁ። የ25 ዓመት ወጣት 25 ዓመት ኖሯል። እህቱ ስታገባ አይቷል፤ ፊልም ላይ ሰዎች ሲሳሳሙ አይቷል፤ የሆነች ልጅ ስትስቅለት ደንግጧል። ሰውነቱም የ25 ዓመት ሰው ነው። ቀስ ብሎ የሚማር ትልቅ ሰው ነው እንጂ ትልቅ ልብስ የለበሰ ሕፃን አይደለም።

ሰውነታቸው እንደ ሌላው ሰው ያድጋል?

በአብዛኛው አዎ። ጉርምስና በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆችም አብዛኞቹ በዚሁ ዕድሜ ይጎረምሳሉ። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች እንዲያውም ቀደም ይላል። ፊደል ገና ያልለየች ልጅ በ11 ዓመቷ የወር አበባ ልታይ ትችላለች።

ስለ መውለድም ግምቱ የተሳሳተ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባት ሴት ልትፀንስ ትችላለች። የወንዶቹ የመውለድ አቅም በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ቢሆንም የወለዱ አሉ። «ምንም አይፈጠርም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ዝግጅቱ ከጊዜው ቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል። እስከዛሬ ደም ያየችው ስትቆስል ብቻ ለሆነ ልጅ የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ ከባድ ነው። ብዙ የተሳካላቸው ቤተሰቦች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ከወራት በፊት ልጅቷ ሞዴሱን በእጇ ትነካዋለች። በሌላ ቀን የውስጥ ሱሪዋ ላይ አድርጋው ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ቀይ ቀለም ጠብ ይደረግበትና «እንዲህ ሲሆን ይቀየራል» ተብሎ ይታያታል። የውስጥ ሱሪው ላይ ሞዴሱ የሚያርፍበት ቦታ በማይለቅ ቀለም ከተሰመረ ደግሞ ብቻዋን ለመቀየር ይቀላታል።

ኦቲዝም ያለባትን ልጅ የሞዴሱ ጠርዝ ወይም ሽታው ሊያስጨንቃት ይችላል። ያኔ የሚታጠብ የጨርቅ ሞዴስ ወይም ደም የሚመጥ የውስጥ ሱሪ መሞከር ነው። መናገር የማትችል ልጅ በየወሩ በተወሰኑ ቀናት የምታለቅስ ወይም ራሷን የምትመታ ከሆነ፣ «ባህሪዋ ተበላሸ» ከማለት በፊት ቀኑን መመዝገብ ይበጃል። ምናልባት እያመማት ነው። የወር አበባ ቁርጠት ደግሞ በማስታገሻ ይታከማል።

ለወንዱም እንዲሁ። በእንቅልፍ ልብ የሚፈሰው ዘር ሽንት እንዳልሆነ፣ በሽታም እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነገረው። አለበለዚያ አንሶላውን የሚደብቅ፣ በራሱ የሚያፍር ልጅ ይሆናል።

ባንነግራቸውስ ምን ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይፋ የሆነ የጥናቶች ትንተና አለ። በዚያ መሠረት አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች 3.7 እጥፍ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ደግሞ ለወሲባዊ ጥቃት ያላቸው ተጋላጭነት 4.6 እጥፍ ይደርሳል።

ለምን? አጥቂዎች መርጠው ስለሚሄዱ ነው። ብዙውን ጊዜ አጥቂው እንግዳ ሰው አይደለም፤ የሚያጥበው፣ የሚያመላልሰው፣ የሚያስተምረው ወይም ዘመድ ነው። ልጁ ሰውነቱን በብዙ ሰዎች እጅ መነካት ለምዷል። የቱ ንክኪ እንክብካቤ፣ የቱ ጥቃት እንደሆነ የነገረው የለም። ቢነካም የተነካበትን ቦታ ስም አያውቀውም። ቢናገርም «አይገባውም፣ ቀባጥሮ ነው» ይባላል። አጥቂው ይህን ሁሉ ያሰላል።

«ብናስተምራቸው ፍላጎታቸውን መቀስቀስ አይሆንም?» የሚለው ፍርሃት ከልብ የመጣ ነው፤ አልንቀውም። ግን መልስ አለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ የተመሠረተባቸው ጥናቶች የወሲብ ጤና ትምህርት ወጣቶችን ወደ ወሲብ እንደማይገፋ ያሳያሉ። እንዲያውም አንዳንዶቹ ላይ መጀመሪያውን ያዘገየዋል። ነገሩ መንገድ መሻገርን እንደማስተማር ነው። መኪና ያስፈራል ብሎ ልጅን ቤት ውስጥ የቆለፈ ወላጅ፣ በሩ የተከፈተ ቀን ልጁ ግራና ቀኝ ማየት አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ይነገራል?

በቀጥታ ቃል። እኛ በአደባባይ ስናወራ ነገሩን ማለሳለስ እንወዳለን፤ «አብረው ተኙ» እንላለን። ነገርን ቃል በቃል ለሚወስድ ሰው ግን አብሮ መተኛት መተኛት ነው። ትናንት ማታ ከወንድሙ ጋር አብሮ ተኝቷል። ስለዚህ ብልት ብልት ይባላል፣ ወሲብ ወሲብ ይባላል። ድምፅ ሳይቀየር፣ ፊት ሳይጠቁር፣ «ክርን» እና «ጉልበት» በምንልበት አንደበት።

አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ «ዛሬ ትልቁን ወሬ እናውራ» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ፣ ለዓመታት ነው። ሥዕል ይረዳል፤ የብልት ክፍሎች የተሠሩለት አሻንጉሊት ይረዳል፤ ተዋናይ ሆኖ መለማመድም ይረዳል። «እኔ አውቶብስ ላይ አጠገብህ ተቀምጬ ጭንህን ነካሁህ። ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። መልሱ በአፍ ብቻ ሳይሆን በተግባር ይሠራል፦ ተነስቶ ቦታ መቀየር፣ ጮክ ብሎ «አትንካኝ» ማለት፣ ለሚያምነው ሰው መናገር።

መናገር ስለማይችሉ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ በሥዕል ሰሌዳ ወይም በታብሌት ይግባባሉ። ሰሌዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ውሃ አለ፣ ምግብ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ «ደስ ብሎኛል» አለ። የብልት ሥዕል የለም። «አቁም» የለም። «ነካኝ»ም የለም። ይህ ሰው ነገ ጥቃት ቢደርስበት ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። ሰሌዳውን የምናዘጋጀው እኛ ነን፤ ቃላቱን ያጎደልነውም እኛው ነን።

መጀመሪያ የሚመጣው ትምህርት የግልና የጋራ ልዩነት ነው። የግል የሰውነት ክፍል፣ የግል ቦታ፣ የግል ወሬ አለ። ይህን የሚማረው ግን ራሱ የግል ቦታ ያለው ሰው ነው። በሩ ሁሌ ክፍት፣ ልብስ ሲቀይር ሦስት ሰው እየወጣና እየገባ «ይህ የግልህ ነው» ብንለው አያምነንም። እኛም ማንኳኳት እንልመድ።

ሁለተኛው ሰውን በቅርበት መለየት ነው። መምህራን ክብ በክብ ላይ ይሥላሉ። መሐል ላይ ሰውየው ራሱ አለ። ቀጥሎ የቅርብ ቤተሰብና የፍቅር ጓደኛ፣ ከዚያ ጓደኞች፣ ከዚያ የሚያውቃቸው ሰዎች፣ ውጪ ላይ እንግዶች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ክብ ደንብ አለው፦ ማንን ማቀፍ፣ ማንን መጨበጥ፣ ማንን በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም ማለት። የ24 ዓመት ጎልማሳ የማያውቃትን ሴት ሮጦ ሲያቅፍ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። በ4 ዓመቱ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሲያቅፍ «ሲያምር!» ብለን ስናጨበጭብለት ነበር። ደንቡ የተቀየረ ቀን ግን ማንም አልነገረውም።

በሰው ፊት ብልቱን ቢነካካስ?

መጀመሪያ ሰውነቱን ማየት ነው። ሽፍታ፣ ኢንፌክሽን፣ የጠበበ የውስጥ ሱሪ ወይም መሰላቸት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከሌሉና ነገሩ ግለ ወሲብ፣ በተለምዶ ሴጋ የሚባለው ከሆነ፣ ድርጊቱ ሰውነትን አይጎዳም። የሚስተካከለው ቦታው ነው። መጮህ፣ መምታት፣ «ነውረኛ» ማለት ድርጊቱን አያስቀረውም፤ መደበቅን ወይም ጭንቀትን ብቻ ያስተምራል። በረጋ ድምፅ «ይህ የግል ነው፤ ክፍልህ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ» ይባላል። ሁሉም የቤት ሰው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ቢጠቀም ይሻላል። እናት ወደ ክፍሉ እየሸኘችው፣ አባት እየገሠጸው፣ ሞግዚት እየሳቀችበት ከሆነ ግራ የሚጋባው እሱ ነው።

«እምቢ» ማለትን የት ይማሩታል?

እኔ ከሁሉም በላይ የምቆምበት እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ የምናሰለጥናቸው በመታዘዝ ነው። ተቀመጥ ሲባል የተቀመጠ፣ አፍህን ክፈት ሲባል የከፈተ፣ ሳመው ሲባል የሳመ ልጅ «ጎበዝ» ይባላል፤ ይሸለማል። 15 ዓመት ሙሉ እንዲህ አሳድገን በ16ኛው ዓመት «መጥፎ ሰው ሲነካህ እምቢ በል» እንላለን። በየት በኩል?

«እምቢ» የሚለመደው በትንሽ ነገር ላይ ነው። ሰማያዊውን ሹራብ ወይስ ቀዩን? አሁን ልጠብህ ወይስ ቆይቶ? አክስቱን መሳም ካልፈለገ በእጁ ሰላም ይበላት፤ አክስትም ትቻለው። ሲታጠብ የሚችለውን ክፍል ራሱ ይጠብ። የማይችለውን የሚያጥበው ሰው ከመንካቱ በፊት «አሁን ጀርባህን ላጥብ ነው» ብሎ ይንገርና ምላሹን ይጠብቅ። ፊቱን ካዞረ ያም መልስ ነው። እርግጥ ሁሉም እምቢታ አይከበርም፤ መድኃኒትና ቆሻሻ ልብስ መቀየር አለ። እዚያም ላይ ግን ምክንያቱ ይነገራል፣ ጊዜ ይሰጣል።

ምስጢር የሚባለው ነገርም በቀላሉ ይለያል። የልደት ስጦታ ለጊዜው ይደበቃል፤ በኋላ ሁሉም ይስቃል። «ለማንም እንዳትናገር» ተብሎ ስለ ሰውነት የሚጠየቅ ምስጢር ግን ሁሌም ይነገራል። ስልክ ለያዙትም ደንቡ ያው ነው፦ የራቁት ፎቶ አይላክም፤ አይተውት ለማያውቁት «ፍቅረኛ» ገንዘብም አይላክም።

ለወሲብ ፈቃድ መስጠት ይችላሉ?

ብዙዎቹ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ አይችሉም። የምርመራ ወረቀት ላይ ያለው ስም ብቻውን መልስ አይሆንም። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሚጠየቀው ነገር ግን ተቀራራቢ ነው። ድርጊቱ ምን እንደሆነ ይገባዋል ወይ? እርግዝናና በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል ያውቃል? እምቢ ማለት እንደሚችል፣ ጀምሮም ማቆም እንደሚችል ያውቃል? ፈቃዱ ያለማስገደድ፣ ያለስጦታ፣ ያለማታለል የመጣ ነው?

አቅሙ ቋሚም አይደለም። ዛሬ ያልገባው ሰው ከወራት ትምህርት በኋላ ሊገባው ይችላል። ያልተማረን ሰው «አያውቅምና አይችልም» ማለት የራሳችንን ክፍተት በእሱ ላይ መለጠፍ ነው። አንድ ነገር ግን ድርድር የለውም፤ ተንከባካቢ፣ መምህር ወይም ሐኪም ከሚረዳው ሰው ጋር ወሲብ ቢፈጽም «ፈቅዳለች» የሚባል መከላከያ ሊኖረው አይገባም። ምግቧ በእጁ ያለን ሰው እምቢ ማለት ምን ያህል ይቻላል?

ጥቃት ቢጠረጠርስ?

ድንገተኛ የባህሪ ለውጥ፣ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ክፍል መሸሽ፣ ቀርቶ የነበረ አልጋ ላይ የመሽናት ልማድ መመለስ፣ ብልት አካባቢ ሕመም ወይም መድማት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሰውየው ከተናገረ ይደመጥ፤ በራሱ ቃል ይጻፍ። አሥር ጊዜ እየደጋገሙ መጠየቅ ቃሉን ያዛባዋል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይነገረው። የለበሰው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ሕክምናው ሰዓት አለው፦ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

ሐኪም ቤት ምን ይጠየቅ?

የእርግዝና መከላከያ ሲመረጥ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ መጠቀስ አለበት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የሚጥል በሽታ በብዛት ይታያል። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሆርሞኑን ቶሎ ስለሚያፈርሱት እንክብሉና ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ሊከሽፉ ይችላሉ። የ3 ወር መርፌውና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ በነዚህ አይነኩም። መርፌው ግን የአጥንትን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ለማትራመድ ሴት ይህ ይታሰብበት። ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ካለች ደግሞ መድኃኒቱ ፅንስን እንደሚጎዳ ሐኪሟ በግልጽ ይንገራት። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባትና የካንሰሩ ምርመራም «እሷ ምን ያደርግላታል» ተብሎ መዘለል የለበትም።

አንዳንድ ቤተሰብ «ማህፀኗ ይቋጠርና እንገላገል» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሪ በክ የተባለች ወጣት ያለፈቃዷ እንድትመክን 8 ለ 1 ፈረደ። «አእምሮዋ ደካማ ነው» ተብላ ነበር። በኋላ ታሪኩ ሲመረመር ያረገዘችው ተደፍራ እንደነበር ታወቀ፤ አእምሮዋም ጤነኛ ነበር። «የእናቷ ዕጣ ይደርሳታል» የተባለችው ልጇ ትምህርት ቤት ገብታ ከጎበዝ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገባች። በዚያ ዘመን ሕጎች በአሜሪካ ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች እንዲመክኑ ተደርገዋል። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው፣ በ23ኛው አንቀጹ የመውለድ አቅማቸው ከሌላው ሰው እኩል እንዲጠበቅ ይደነግጋል። መብቱ ቢቀር እንኳ ማምከን መደፈርን አይከላከልም፣ በሽታንም አይከላከልም። የሚያስቀረው እርግዝናን ብቻ ነው፤ እርግዝናው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ጥቃቱን የሚያጋልጠው ብቸኛ ማስረጃ ነው።

ፍቅርና ትዳርስ?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ አደጋ ሆነ። ለነዚህ ሰዎች የሚከብዳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቸኝነት ነው። ትምህርት ሲያልቅ ጓደኛ ያልቃል። የሚያወራቸው ሰው ሁሉ ዘመድ ወይም ተከፋይ ነው። ስለዚህ እገዛው የሚጀምረው ከፍቅረኛ ሳይሆን ከጓደኛ ነው፦ ሰው የሚያገኙበት ቦታ ማድረስ፣ ስልክ ደውሎ ቀጠሮ መያዝን ማለማመድ፣ «አልፈልግህም» ሲባል እንዴት እንደሚታለፍ ማሳየት። ፍቅረኛ ሲመጣ ደግሞ አጃቢው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሦስተኛ ሰው መሐል ሲቀመጥ የትኛው ጨዋታ ያምራል?

ያው 23ኛ አንቀጽ ዕድሜው የደረሰ ሰው በሙሉ ፈቃዱ የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት እንዳለው ይናገራል። ልጅ ቢወልዱስ? የማሰብ ችሎታ ፈተና ውጤት ብቻውን ጥሩ ወላጅ የሚሆነውን አይለይም። በቃል ብቻ የሚሰጥ ምክር አይረዳቸውም፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ በተግባር ማሳየት ግን ይሠራል። የወተት ጡጦው ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጠፍና «ውሃው እዚህ ድረስ» ይባላል። ትኩሳት ሲኖር የሚደረገው በሥዕል ተራ በተራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጁ መዳህ ሲጀምር ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ሲናገር ሌላ፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ የቤት ሥራውን የሚያግዘው ሰው ከአሁኑ ይፈለግለታል።